በዳባት ደጋ የአንዲት በቅሎ ዕድሜ

ድሬዳዋ ያሉ ዘመዶቼ ሥራዬን ሲጠይቁኝ “እንስሳት አጠናለሁ” ብዬ እዘጋዋለሁ። ያረጁ አህዮችና በቅሎዎች እያፈላለግሁ ደም እንደምቀዳ ብነግራቸው አክስቴ በማግስቱ ዱዓ ታስደርግልኛለች። አብዛኞቹ የሄድኩበትን አገር አያዩትም። እኔ ደግሞ ሰው መሐል ቁጭ ብሎ ማውራት አይሆንልኝም። ስለዚህ ያንን የአምስት ቀን መንገድ ጽፌላቸዋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የበቅሎ እናቷ ባዝራ ፈረስ፣ አባቷ አህያ ነው። በቅሎዋ ግን ብዙ ጊዜ እናቷ ከምትኖረው ዕድሜ አልፋ ትኖራለች። ለምን? ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩኝ፣ በኋላም ረዳታቸው ያደረጉኝ መምህሬ በዚህ ጥያቄ ብዙ ዓመት ቆይተዋል። ረጅም ዕድሜ የኖሩ እንስሳት ደም በደንብ ቢጠና ስለ እርጅና፣ ምናልባትም ስለ እኛ ስለ ሰዎች እርጅና፣ አንድ ነገር ይነግረናል ብለው ያምናሉ። ችግሩ የገጠር በቅሎ የልደት ወረቀት የላትም።

በ2002 ዓ.ም. ጥር መጨረሻ ላይ ከሰሜን ጎንደር፣ ከዳባት ወረዳ፣ ዕድሜዋ ከአርባ በላይ ነው የተባለች በቅሎ እንዳለች መልእክት ደረሳቸው። እኔን ጠሩኝ።

“አንቺ የምትሄጂው ጎበዝ ስለሆንሽ አይደለም” አሉኝ። “ማንንም ስለማታምኚ ነው። ዕድሜዋን ካመንሽ ደሟን ቅጂ። ካላመንሽ ሳጥኑን ባዶውን ይዘሽ ተመለሺ። አንድ የውሸት ዕድሜ ከገባብን የሌሎቹን ሁሉ ያበላሽብናል።”

ብቻዬን ስላክ የመጀመሪያዬ ነበር። ብሳሳት ሁለተኛ እንደማይልኩኝ ሳይነግሩኝም ገብቶኛል።

ማክሰኞ

ገና ሳይነጋ ከአዲስ አበባ ተነሣን። ጉልበቴ ላይ ሰማያዊ የበረዶ ሳጥን ይዣለሁ። አጠገቤ የተቀመጡት ሴት ከሱሉልታ ጀምረው ዓይናቸውን ከሳጥኑ ላይ አልነቀሉም።

“ምን ይዘሽ ነው?”

“ባዶ ነው።”

“ባዶ ነገር እንዲህ ይታቀፋል?”

አላመኑኝም። እኔም ሴትዮዋን አላመንኳቸውም፤ ቦርሳዬን ከእግሬ ሥር አንስቼ ከጀርባዬ ሸጎጥኩት። ዓባይ በረሃ ስንወርድ ሙቀቱ ድሬን ድሬን ሸተተኝና ትንሽ ዘና አልኩ። ሴትዮዋ ይህን ጊዜ ከመንደሪናቸው ግማሹን ሰጥተውኝ ሳጥኑን መሬት አስቀመጡና እግራቸውን አሳረፉበት። እስከ ደብረ ማርቆስ አላነሡም።

ደብረ ማርቆስ የያዝኩት ክፍል በሩ አይቆለፍም። ለአልጋ ቤቱ ባለቤት፣ ለአንዲት ሴትዮ፣ ለመናገር ሦስት ጊዜ ወጥቼ ሦስት ጊዜ ተመለስኩ። በመጨረሻ እሳቸው ራሳቸው አዩኝና የራሳቸውን የጓዳ ቁልፍ ፈትተው አመጡልኝ። “የኔ ሽንኩርት ዛሬ ይሰረቅ፣ አንቺ ተኚ” አሉኝ። አመስግኜ ገባሁና ሁለተኛው መክፈቻ ማን ጋ ይሆን እያልኩ አደርኩ።

ረቡዕ

ከሰዓት በኋላ ጎንደር ገባን። ፀዳን አልፈን አዘዞ ላይ ግማሹ ሰው ወረደ። በእኛ አገር እንዲህ ያለ ከፍታ ላይ ሰው ከተማ አይሠራም፤ ፀሐዩ እያለ ነፋሱ ይቆረጥማል። ግንቡን ብዙ ሰው ስለሚጠይቀኝ ልናገር፦ ያየሁት ከአባባ ከድር ሱቅ ደጃፍ፣ በሁለት ቤት ጣሪያ መካከል፣ ሻይ እየጠጣሁ ነው። ያምራል።

አባባ ከድር የአባቴ የድሮ የንግድ ወዳጅ ናቸው። ከአያት ቅድመ አያታቸው ጀምሮ የጎንደር ነጋዴዎች ናቸው፤ ዛሬ ጨርቅ ይሸጣሉ፣ ዱሮ ግን በዳባትና በደባርቅ ገበያዎች ዕቃ በበቅሎ ያመላልሱ ነበር። ባለቤታቸው እትዬ ዘሀራ ገና ሳልቀመጥ “አባትሽን አፍንጫው ላይ ትመስይዋለሽ” ብለው የልጃቸውን ሹራብ አለበሱኝ። ድሬ ቢሆን ኖሮ በመጀመሪያው ደቂቃ “አንቺ፣ አቦ” እየተባባልን እንስቅ ነበር። እዚህ ሰው ሁሉ ቀስ ብሎ፣ አስቦ ይናገራል። የሚያስበው ስለ እኔ ይመስለኛል።

የመጣሁበትን ስነግራቸው አባባ ከድር ሳቁ።

“የበቅሎ ጥርስ አይተሽ ዕድሜ ልትናገሪ? ስሚኝ ልጄ። ሰው ይዋሻል። የገበያ በቅሎ ጥርስ ግን ከሰው የባሰ ይዋሻል።”

“እንዴት?”

“ወጣት በቅሎ የፊት ጥርሷ መሐል ጥቁር ጉድጓድ አላት አይደል? ስታረጅ ጥርሱ ይበላና ይጠፋል። ደላላው ምን ያደርጋል? ጥርሱን በሞረድ ይቦረቡርና የጋለ ብረት ያስነካዋል። ይጠቁራል። አሮጊቷ በአንድ ቀን ኮረዳ ትሆናለች።”

“አንተስ ጢምህን ሂና ትቀባ የለ?” አሉ እትዬ ዘሀራ ከጓዳ።

“እኔን የሚገዛኝ የለም!”

“እሱማ እውነት ነው።”

ማታ ዳቦ ቆሎና ቋንጣ ቋጥረው ሰጡኝ፤ የማድረው ክርስቲያን ቤት ነውና ሥጋው ይቸግራታል ብለው። ለሳጥኔ የሚሆን በረዶም ከጎረቤት አስለመኑልኝ። በድሬ ሙቀት ያ በረዶ እስከ እኩለ ቀን አይቆይም ነበር። እኔ ግን አልጋዬ ላይ ሆኜ የማስበው ስለ ጋለ ብረት ነበር።

ሐሙስ

የጎንደርና የደባርቅ መንገድ አስፋልት ገና እየተሠራ ነበር። አንድ ትልቅ ማሽን መንገዱን ዘግቶ ከአንድ ሰዓት በላይ አቆመን። ተሳፋሪው ወርዶ ጸሐይ ሞቀ። አቧራው ከላያችን ላይ ሲወርድ ሁላችንም አንድ ዓይነት ሽበት አበቀልን። አንድ ሽማግሌ እያዩኝ “ዛሬ ሁላችን እኩያ ሆንን” አሉ።

ዳባት ላይ የጠበቀኝ የቀበሌው የእንስሳት ባለሙያ ሞላ ነው። በእኔ ዕድሜ ያለ፣ የቆዳ ጃኬት የለበሰ፣ ሳያቋርጥ የሚያወራ ሰው። መኪና የማይገባበት ስለሆነ የሦስት ሰዓት የእግር መንገድ ጀመርን። ገና ግማሹን ሳንሄድ የአንዱ ጫማዬ ሶል ተላቀቀ። ሞላ ከኪሱ ሲባጎ አውጥቶ አሰረልኝ።

“የአዲስ አበባ ጫማ ለአዲስ አበባ ነው” አለ። “ቆይ፣ ድሬ ነሽ አልሽኝ? ድሬ ደግሞ ጫማ ምን ይሠራል?”

እየሄድን ስለ በቅሎዋ ባለቤት ጠየቅሁት። አያ ፈንታ ይባላሉ፤ ወደ አርባ የሚጠጉ ገበሬ፤ ከእናታቸው ጋር ይኖራሉ። ሚስታቸው ሞታለች። ሰው የሚያከብራቸው፣ ገበያ ላይ በከብት የሚጣሉ ሰዎች “ፍረድልን” ብለው የሚሄዱባቸው ሰው ናቸው።

“ያረጀች በቅሎ የተገኘችለት ሰው ምን እንደሚያገኝ አያ ፈንታ ያውቃሉ?” አልኩት።

“እንዴታ! ጥናቱ ከተቀበላት የባለቤቱ ከብት ሁሉ ዓመቱን በነጻ ይታከማል።”

“ማን ነገራቸው?”

“እኔ” አለ ሞላ፣ በኩራት።

 ዓመት ሙሉ ነጻ ሕክምና ላይ ስንት ዓመት ዕድሜ የማይጨምር ገበሬ አለ? እኔስ ብሆን አልጨምርም?

የቀበሌውን ስም አልጽፍም፤ የሰዎቹንም ስም ቀይሬአለሁ። ቤቱ ሜዳው የሚያልቅበት ገደል አጠገብ ነው። እናትየዋ እማማ አትጠገብ ደጃፍ ተቀምጠው የተቀደደ ጆንያ ይሰፋሉ። ቀጥ ያሉ፣ ቀጭን፣ አንድ ዓይናቸው ላይ ነጭ ነገር ያለባቸው ሴት ናቸው። ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

“ሐኪሟ ይች ናት? ምነው እንዲህ ትንሽ?”

“ሐኪም አይደለሁም እማማ።”

“ታዲያ ምን ነሽ?”

እንዴት ብዬ እንደማስረዳ ሲጠፋኝ ሞላ “ጥርስ አይታ ዕድሜ ትናገራለች” አለ።

እማማ አትጠገብ አፋቸውን ከፈቱ። የቀራቸው አራት ጥርስ ነው። “እስቲ የኔንም ንገሪኝ። እኔም ጠፍቶብኛል።”

ሳቄን መያዝ አልቻልኩም። እሳቸውም ሳቁ። ከዚያ ሞላ እስላም መሆኔን ሲነግራቸው ቀና አሉና ከጓዳ አንድ አዲስ የሸክላ ድስት ይዘው ወጡ። “ይህን ከገበያ ካመጣሁት ገና ሳምንቱ ነው። ሥጋ አልነካውም። ባንቺ እንጀምረው” አሉ። ሽሮው ሸጋ ነበር። እኔ ግን ሰው ሳያየኝ ድስቱን ጎንበስ ብዬ አሸተትኩት። ዛሬ ሳስበው አፍራለሁ። የአዲስ ሸክላ ሽታ እንጂ ሌላ ሽታ አልነበረውም።

አልጋቸውን ለቀውልኝ እሳቸው መደብ ላይ ቁርበት አንጥፈው ተኙ። የበረዶ ሳጥኔን ውጭ አስቀመጥኩ፤ የውጭው ብርድ ከሳጥኑ ይበልጣል።

ዓርብ

ጠዋት ሣሩ ላይ ውርጭ ነበር። ለድሬዳዋ ሰው ይህን ማስረዳት ይከብዳል፤ መሬቱ ጨው የተነሰነሰበት ይመስላል፣ ስትረግጡት ይንኮሻኮሻል።

በቅሎዋን አያ ፈንታ ከጋጣ አወጧት። ሞገሴ ትባላለች። ቡላ ናት፤ ፊቷ ሸብቷል፤ ከዓይኗ በላይ ያሉት ጉድጓዶች ጣት ያስገባሉ። አሮጊት መሆኗን ለማየት ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ምን ያህል አሮጊት እንደሆነች ማወቅ ነው። ሃያ አምስትና አርባ ሦስት በሩቅ ሲያዩአቸው አንድ ናቸው።

“ከየት መጣች?” አልኳቸው እማማ አትጠገብን።

“ከአባቴ ቤት። ስዳር ተቀምጬባት መጣሁ። ማጫዬ ናት፤ አባቴ የሰጠኝ።”

“መቼ ነው?”

“ንጉሡ ከመውረዳቸው አራት ዓመት ቀድሞ።”

“ያን ጊዜ ስንት ዓመቷ ነበር?”

“አራት። አባቴ ሲገራት አይቻለሁ። ሁለቴ ጥላዋለች።”

ሒሳቡን ደብተሬ ላይ ሠራሁ። አርባ ሦስት ይመጣል። ከዚያ አፏን ከፈትኩ።

በበቅሎ ሁሉ የላይኛው የጥግ ጥርስ ላይ፣ ውጭ በኩል የምትወርድ ቡናማ ቦይ አለች። በአሥር ዓመት ገደማ ብቅ ትላለች፣ በሃያ ጥርሱን ጨርሳ ትወርዳለች፣ በሠላሳ ግድም ትጠፋለች። ሞገሴ ላይ ቦይዋ የለችም። ይህ ማለት ወይ ከአሥር በታች ናት፣ ወይ ከሠላሳ በላይ። እስከዚህ ጥሩ ነው። ግን የታችኛዎቹን የፊት ጥርሶች ሳይ እጄ ቆመ። መሐላቸው ጥቁር ጉድጓድ አለ። በሠላሳና በአርባ ዓመት ይህ ሊኖር አይችልም።

ጥርሶቿን በብሩሽ አጥቤ በማጉያ መነጽር አየሁ። የእውነተኛ ጉድጓድ ዙሪያው ነጭ ቀለበት አለው። ይህ ቀለበት የለውም። ተቃጥሏል። ጥርስ ሲታኘክበት ስለሚያልቅ፣ የተቃጠለውም ከጥቂት ዓመት በላይ አይዘልቅም፤ ስለዚህ የተቃጠለው በቅርቡ ነው።

የአባባ ከድር ቃል ጆሮዬ ላይ ጮኸ። ጥርስ የሚያቃጥለው የገበያ ደላላ ነው። እንግዲህ ይህች በቅሎ በቅርቡ ገበያ ነበረች። እንግዲህ ይህች የሙሽራዋ በቅሎ አይደለችም። እውነተኛዋ ሞታ ሌላ ገዝተው ተክተዋታል፤ ሞላ ነጻ ሕክምና ሲል ደግሞ አሮጌውን ታሪክ አውጥተው አለበሷት።

አንድ ነገር ደግሞ አየሁ። እማማ አትጠገብ አንገቷን ሲያሻሹ ዝም ትላለች። እጃቸው ወደ አፏ ሲሄድ ግን ጭንቅላቷን አወናጭፋ ትሸሻለች። አርባ ዓመት አብራ የኖረች በቅሎ እጅ ትሸሻለች?

ሞላ ሁለት ምስክሮች ሊጠራ ሄዶ ነበር። ከደሙ ጋር በሚሄደው ቅጽ ላይ ዕድሜውን የሚያረጋግጡ ሁለት ሰዎች መፈረም አለባቸው። ግቢው ውስጥ እኔ፣ እናትና ልጅ ብቻ ነን። ሰው ዓይን እያየሁ መናገር ስለማልችል ቅጹን እያየሁ ተናገርኩ።

“እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ይህች በቅሎ ከገበያ የተገዛች ትመስለኛለች።”

መጀመሪያ አልገባቸውም። ከዚያ ገባቸው።

“ውሸታም ነሽ ነው የምትይኝ?”

“አይደለም፤ ጥርሷ…”

“ጥርሷ ምን አለሽ? እኔ ጉልበቴ እስኪከዳኝ አብሬያት ኖርሁ። አንቺ ዛሬ ጠዋት አፏን ከፍተሽ አወቅሻት?”

“በጋለ ብረት ተቃጥሏል። ይህን የሚያደርግ ደላላ ነው።”

“ደላላ እዚህ ደጅ ደርሶ አያውቅም! ፈንታ፣ ንገራት እንጂ! ምነው ዝም አልህ?”

አያ ፈንታ ልጓሙን ይዘው ቆመዋል። ቀና ብለው አላዩንም። እኔ በልቤ “ይኸው፣ ያውቃሉ፣ ተያዙ” እያልኩ ነበር። ልክ በመሆኔ ደስ ብሎኛል። ይህንንም መጻፍ አለብኝ።

“እናቴ እውነቷን ነው” አሉ። “ሞገሴ ናት። ሌላ በቅሎ በዚህ ቤት ገብታ አታውቅም።”

“ታዲያ ጥርሷ?”

“እኔ ነኝ ያቃጠልኋት።”



“ሁለት ዓመት ሆነው” አሉ፣ ለእኔ ሳይሆን ለልጓሙ። “በሬዬ የሞተ ጊዜ። በበሬ ልለውጣት ነበር። እናቴ ለዓይኗ ጠበል ሄዳ ነበር። አንድ ሰው አሠራሩን አሳየኝና… ገበያ ወሰድኋት። ለዋጩ ከዓይኗ በላይ ያለውን ጉድጓድ አይቶ ሳቀብኝ። በዚያው ቀን መለስኋት።”

እማማ አትጠገብ ብዙ ነገር ይላሉ ብዬ ጠበቅሁ። የጠየቁት አንድ ነገር ነው።

“ብረቱን ስታስነካት እንዴት አድርገህ ያዝሃት?”

“አፍንጫዋን በገመድ ጠምዝዤ።”

ሴትዮዋ ወደ በቅሎዋ አፍ እጃቸውን ዘረጉ። ሞገሴ ጭንቅላቷን መለሰች።

“ለዚህ ነው” አሉ። “ሁለት ዓመት ሙሉ ምን አድርጌያት ነው እያልሁ።”

የገበያ ጠብ የሚዳኙት ሰው መሬት መሬት ያያሉ። ቢደብቁት ኖሮ እኔ ሳጥኔን ባዶውን ይዤ ሄጄ፣ እሳቸው በስማቸው ይኖሩ ነበር። የተናገሩት እናታቸው በእኔ ፊት ውሸታም ሲባሉ መስማት ስላልቻሉ ነው።

ሞላ ምስክሮቹን ይዞ መጣ። እማማ አትጠገብ እንባ የለ፣ ቁጣ የለ፣ “ሞገሴ የማናት? ስንት ዓመቷ ነው? ንገሯት” አሏቸው። ሁለቱ ሽማግሌዎች ስለ ሠርጉ፣ አባትየውን ሁለቴ ስለመጣሏ ሳይጠየቁ አወሩና ዕድሜውን ፈረሙ። ዕድሜው የተረጋገጠበትን ዝርዝር የምጽፍበት መስመር ግን ባዶ ቀረ። የበረዶውን ነገር አስቤ ደሟን በማግስቱ ጠዋት፣ ልንወጣ ስንል ልቀዳ ተስማማን።

እራት በዚያው አዲስ ድስት መጣ። ለልጃቸውም አቀረቡላቸው። እሳቸው ግን ፊታቸውን ወደ ምድጃው አዙረው በሉ።

ቅዳሜ

ስነሣ ጋጣው ባዶ ነበር።

አያ ፈንታ ደጃፍ ቆመዋል። “እናቴ ወንድሟ ጋ ሄዳለች” አሉኝ። “ወደ ትውልዷ። በቅሎዋንም ይዛ።”

“ይመለሳሉ?”

“እኔ እንጃ ልጄ።” ከዚያ ጫማዬን አዩ። ሲባጎውን ፈትተው በጠፍር አጥብቀው አሰሩልኝ። እንዲህ ካደረግኳቸው በኋላ እግሬ ሥር ተንበርክከው ነው ያሰሩልኝ። 

ለሞላ “እናታቸው ዘመድ ጥየቃ ሄደዋል” አልኩት።

“በቅሎዋን ደም ሳትሰጥ ይዘው? ነገር አለ” አለ ሞላ። እሱም መጠርጠር ጀመረ።

አንድ ሰዓት ያህል እንደሄድን፣ ምንጭ አጠገብ አገኘናቸው። ሞገሴ ውኃ ትጠጣለች፤ እማማ አትጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። አልተቀመጡባትም፤ እየመሩ ነው የመጡት። ሲያዩን አልተገረሙም። ሞላን “አንተ፣ ወዲያ ማዶ ያሉትን ዘመዶቼን ደኅና አደራችሁ በላቸው” ብለው ሰደዱትና ወደ እኔ ዞሩ።

“ነይ፣ ቅጂ። እኔ እይዛታለሁ።”

አንገቷን አቅፈው ያዟት። ደሙ በመጀመሪያው መርፌ መጣ። እስካሁን እንደዚያ ጸጥ ብላ የቆመችልኝ እንስሳ የለችም።

“ይህ ደም ምን ይነግርሻል?”

“በቅሎ ለምን ከእናቷ የበለጠ ዕድሜ እንደምትኖር።”

“ለዚህ ነው ይህን ሁሉ መንገድ የመጣሽው?” ከትናንት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ። “በቅሎ አትወልድም። ልጅ የላትም። ሌላ ምን ምክንያት ትፈልጊያለሽ?”

ጠርሙሶቹን በረዶው ውስጥ አስቀመጥኩ። ቅጹን አወጣሁ። አንዱ ቅጂ ለእኛ፣ አንዱ ሞላ ቢሮ የሚቀር ነው። በባለቤት ስም ቦታ ሞላ የአያ ፈንታን ስም ጽፎ ነበር። ሰርዤ የእማማ አትጠገብን ጻፍኩና አነበብኩላቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

“ያችኛዋ ባዶዋስ? ምን ብለሽ ልትጽፊ ነው?”

“ጥርሷ ለምን እንደተቃጠለ። ልጅዎ የነገሩኝን።”

“ያ ወረቀት ሞላ ቢሮ ይቀመጣል አይደል?”

“አዎ።”

“እሱን ተይው።”

“እማማ፣ ካልጻፍኩት ዕድሜዋን አያምኑኝም። ከገበያ የተገዛች ናት ይሉኛል።”

“አንቺም እኔን አላመንሽኝም። ምን ሆንሁ? ይኸው አለሁ።” የልጓሙን ጫፍ እጃቸው ላይ ጠቀለሉት። “እኔ ከቤቱ መውጣቴ የኔና የሱ ነው። ሰው ፊት የሚፈርድ ልጅ ነው ያለኝ። ነገ ገበያ ላይ አንተ ማነህና ሊሉት ነው?”

ሞላ ከማዶ ሲመለስ ይታያል። እስክሪብቶዬ ወረቀቱ ላይ ነው። የተላክሁት ለዚህ መስመር ነበር። እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ “የታችኛው የፊት ጥርሶች በጋለ ብረት ተቃጥለዋል። ያቃጠለው ሰው አይታወቅም። ዕድሜው በባለቤቷና በሁለት ምስክሮች ቃል ተረጋግጧል።” ፈረምኩ። እማማ አትጠገብ አውራ ጣታቸውን ቀለም አስነክተው አሳረፉ። ከዚያ ሞገሴን ይዘው ዳገቱን ወጡ፤ ቀስ ብለው፣ ሁለቱም በአንድ እርምጃ።

በመመለሻው የጎንደር ወዳጆቼ ቤት አንድ ሌሊት ብቻ አደርኩ። አባባ ከድር “ጥርሱ ዋሸ?” ብለው ሲጠይቁኝ “አልዋሸም” ብዬ አለፍኩና እትዬ ዘሀራ የሰጡኝን ሹራብ መለስኩ። አልተቀበሉኝም፤ እስከ ዛሬ አለኝ።

መምህሬ ቅጹን አነበቡ።

“የተቃጠለ ጥርስ” አሉ። “ያቃጠለው የማይታወቅ። ከገበያ ላለመገዛቷ ምን ማስረጃ አለሽ?”

“የባለቤቷን ቃል አምኛለሁ።”

“አንቺ?”

“እኔ።”

መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። ደሙን አልጣሉትም። ከዕድሜዋ ጎን ግን በቀይ እስክሪብቶ የጥያቄ ምልክት አደረጉ፤ ጥናቱም ሲያልቅ ሞገሴ ከስሌቱ ውጭ ቀረች።

ሞላ ባለፈው ክረምት ደወለልኝ። እማማ አትጠገብ ከዓመታት በኋላ ወደ ልጃቸው ቤት ተመልሰዋል። ሞገሴ እዚያው፣ ወንድማቸው ግቢ ሞታለች። መምህሬም ጡረታ ወጥተዋል፤ የሚያነቡት ነገር ግን አያጡም። ይህን ያነበቡ እንደሆነ ያንን የጥያቄ ምልክት ያጥፉልኝ። አርባ ሦስት ዓመቷ ነበር።